ዋርፋሪን የምትወስደው እኅቴ የደም ምርመራ ውጤት በዐቢይ ጾም ለምን ወረደ?

ወንድም ከደሴ፣ መጋቢት 9 ረፋድ

የሠላሳ አራት ዓመት እኅቴ፣ በልጅነቷ የጉሮሮ ሕመም ተመላልሶባት ያስከተለው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነበረባት። ከአራት ዓመት በፊት በተደረገላት ቀዶ ሕክምና ሚትራል የሚባለው የልቧ ቫልቭ ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ ተገጥሞላታል። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ በየምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን 5 ሚሊ ግራም ትወስዳለች፤ በየአራት ሳምንቱም የደም ምርመራ ታደርጋለች። ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው አይ ኤን አር የሚባለው ቁጥር ለእርሷ ከ2.5 እስከ 3.5 ባለው ውስጥ መቆየት እንዳለበት ሐኪሟ ነግረዋታል፤ ባለፈው አንድ ዓመትም ከዚህ ክልል ወጥቶ አያውቅም ነበር። መጋቢት 5 ቀን ስትመረመር ግን 1.3 ሆኖ ተገኘ።

ሐኪሟ «ጾም ነው፤ ጎመን አብዝተሻል እንዴ?» ብለው ጠየቋት፤ እርሷም አዎ አለች። እናታችን «ደም ማቅጠኛ» የሚለውን ስም ከሰማች ወዲህ የልጇ ደም ቀጥኖ የሚያልቅ ስለሚመስላት፣ ደም ይተካል ብላ የምታምንባቸውን ጎመንና ቀይ ሥር በጾሙ በየቀኑ ታቀርብላታለች። ሐኪሟ ጎመኑን እንድትቀንስ መክረው፣ መድኃኒቱን ከአንድ ክኒን ወደ አንድ ተኩል ክኒን ከፍ አድርገው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንድትመለስ ቀጠሯት።

የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። ጎመንን ከነጭራሹ መተው ይኖርባታል ወይ? ሁለተኛ፣ አንድ ጎረቤታችን መድኃኒቱ የአይጥ መርዝ እንደሆነ ለእናቴ ነግሯት እንቅልፍ አጥታለች፤ ይህ እውነትነት አለው? ሦስተኛ፣ አሜሪካ የምትኖረው አክስታችን የደም ምርመራ የማያስፈልገው አዲስ መድኃኒት አለ ትላለች፤ ወደዚያ መቀየር ይቻላል?

ለማስታወስ ያህል፣ በየካቲት አጋማሽ በከተማችን ባሉ ፋርማሲዎች ዋርፋሪን ጠፍቶብን ስለነበር ይህችው አክስታችን በመንገደኛ እጅ ልካልናለች። መልኩ እንደ ወትሮው ሮዝ ስለሆነ መድኃኒቱ አልተለወጠም፤ አንድም ምሽት እንዳልዘለለች ደግሞ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ።

ባለ ብረት ቫልቭ ከአዳማ፣ መጋቢት 9 ቀትር

ወንድሜ፣ ቫልቭ ከተገጠመልኝ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ስለ ጎመኑ ከራሴ የደረሰውን ልንገርህ።

በመጀመሪያው ዓመት ከሆስፒታል ስወጣ «አረንጓዴ ነገር ቀንስ» መባሌን «አትንካ» ብዬ ተረዳሁትና ጎመንም፣ ቆስጣም፣ ሰላጣም ከገበታዬ ጠፉ። የመድኃኒቴም መጠን በዚያው ጎመን አልባ ኑሮ ልክ ተስተካከለ። በዓመቱ ለፍልሰታ ገጠር እናቴ ዘንድ ሄጄ ዐሥራ አምስት ቀን ሙሉ ጎመን በበቆሎ ቂጣ ስበላ ቆይቼ ስመለስ ቁጥሬ ከ3 ወደ 1.7 ወርዶ ነበር። የሚያስተምሩኝ ነርስ ያን ጊዜ ያሉኝን እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ፤ ዋርፋሪን የሚጠላው ጎመንን ሳይሆን መዋዠቅን ነው አሉኝ። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ይቃወማል፤ ነገር ግን በየሳምንቱ የምትበላው መጠን ተመሳሳይ ከሆነ፣ ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን በዚያው ላይ ተመሥርቶ ያስተካክለዋል። እኔ አሁን ፍስክም ሆነ ጾም፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አንድ አንድ ጭልፋ እበላለሁ። ጥቅል ጎመን ከአበሻው ጎመን ጋር ሲነጻጸር ቫይታሚን ኬው በጣም ያነሰ ስለሆነ ያን ያህል አልጨነቅበትም። ሽሮ፣ ምስርና ክክ ደግሞ ከእነ ጭራሹ ከሒሳብ አይገቡም።

አንድ ሌላ ነገር፦ የፋሲካውን ከአሁኑ አስቡበት። ከሃምሳ አምስት ቀን በኋላ ጎመኑ በአንድ ጀንበር ቀርቶ ሥጋና መጠጥ ሲተካው ቁጥሩ ወደ ላይ የመውጣት ጠባይ አለው። እኔ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንትና በዓሉ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ተጨማሪ ምርመራ እንዲታዘዝልኝ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

ሆኖም ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል። እኔ ዐሥራ አምስት ቀን ጎመን ብቻ በልቼ 1.7 ነው የደረስኩት። 1.3 ምንም መድኃኒት የማይወስድ ሰው ቁጥር ሊደርስ ጥቂት የቀረው ነው። ይህን የፋርማሲ ባለሙያዎች ቢያዩት መልካም ነበር።

ፋርማሲስት ከባሕር ዳር፣ መጋቢት 9፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ጥያቄዎቹን ከመመለሴ በፊት በመጨረሻው አንቀጽ ላይ «መልኩ እንደ ወትሮው ሮዝ ስለሆነ» ያሉትን ደግሜ አነበብኩት፤ እባክዎ ሌላውን ሁሉ ትተው ይህን ያጣሩልኝ። ከአሜሪካ በመጣው ክኒን ላይ የታተመው ቁጥር ስንት ነው?

የምጠይቅበት ምክንያት የዋርፋሪን ክኒን ቀለም በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። የብሪታንያን ልማድ የሚከተሉ አምራቾች 1 ሚሊ ግራሙን ቡናማ፣ 3 ሚሊ ግራሙን ሰማያዊ፣ 5 ሚሊ ግራሙን ሮዝ ያደርጉታል። በአሜሪካ ግን ሮዝ ማለት 1 ሚሊ ግራም ነው፤ የዚያ አገሩ 5 ሚሊ ግራም የኮክ ፍሬ ቀለም ያለው ነው። ሰማያዊውም ቢሆን በአንዱ 3፣ በሌላው 4 ሚሊ ግራም ነው። ቀለሙ የተመደበው ሕመምተኛው እንዳይሳሳት ነበር፤ ክኒኑ ድንበር ሲሻገር ግን ያው ቀለም ራሱ ያሳስታል።

ወንድም ከደሴ፣ መጋቢት 9፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል

ክኒኖቹ የመጡት ከጠርሙሳቸው ወጥተው በትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ነው፤ መንገደኛው ዕቃ በዝቶበት ስለነበር አክስታችን ጠርሙሶቹን እንዳስቀረች አሁን ደውዬ አረጋገጥኩ። አንዱን መዳፌ ላይ አድርጌ በስልኬ መብራት ሳየው 1 የሚል ቁጥር ታትሞበታል። መሳቢያ ውስጥ ባገኘሁት፣ አንድ ክኒን በቀረበት የድሮው ማሸጊያ ላይ ደግሞ 5 ሚሊ ግራም የሚል ተጽፏል። ሁለቱን ክኒኖች ጎን ለጎን ባስቀምጣቸው ቀለማቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ።

አክስታችን የነገረችኝ ተጨማሪ ነገር፣ መድኃኒቱ የአንዲት አረጋዊት ጎረቤቷ እንደነበረና ሐኪማቸው ወደ ሌላ መድኃኒት ስላዛወሯቸው የተረፈውን እንደሰጧት ነው። እንግዲህ እኅቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሚገባት አንድ አምስተኛውን ነው የወሰደችው ማለት ነው?

ፋርማሲስት ከባሕር ዳር፣ መጋቢት 9፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

አዎን፣ እንደዚያ ነው፤ ስለዚህ የሁለት ሳምንቱን ቀጠሮ አይጠብቁ። ዛሬውኑ፣ አሁን፣ ሁለቱንም ክኒኖች ይዘው እኅትዎን ወደምትከታተልበት ሆስፒታል ይውሰዷት፤ የክትትል ክፍሉ ተዘግቶ ከሆነ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። በሚትራል ቦታ ያለ የብረት ቫልቭ በ1.3 ቁጥር ለቀናት ሲሠራ ደም ሊረጋበት ይችላል፤ የረጋው ደም ቫልቩን ሊያንቀው፣ ተቆርጦም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። በመንገድ ላይ እኅትዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። የብረት ቫልቭ ያላቸው ሰዎች ጸጥ ባለ ሌሊት ቫልቩ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማቸዋል። ያ ድምፅ ሰሞኑን ታፍኖባት ወይም ጠፍቶባት ከሆነ፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ፊቷ ከተጣመመ፣ አንድ እጇ ከዛለ ወይም ንግግሯ ከተኮላተፈ፣ ለሐኪሙ የመጀመሪያው ቃልዎ እርሱ ይሁን።

አንድ ሌላ አደጋም አብሮ ተቀምጧል። ሐኪሟ «አንድ ተኩል ክኒን» ያዘዙት 7.5 ሚሊ ግራም እንዲሆንላቸው ነው፤ እርሷ ግን እየወሰደች ያለችው 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ነገ ከነገ ወዲያ የአገራችን 5 ሚሊ ግራም ፋርማሲ ተመልሶ ቢገባና ያንኑ «አንድ ተኩል» ብትቀጥል፣ ከለመደችው በግማሽ የበለጠ መድኃኒት ትወስድና ወደ መድማት ትሄዳለች። አምስቱን ትንንሽ ክኒን በአንድ ጊዜ ውጣ ትካስ ብላችሁ በራሳችሁ አታስተካክሉ። ዋርፋሪን ዛሬ የተዋጠው ሙሉ ሥራውን የሚያሳየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ፣ ክፍተቱ በመርፌ የሚሞላበት መንገድ አለ፤ እርሱን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ መጋቢት 9 ምሽት

ዋናው ጉዳይ በተገቢው ፍጥነት ስለተያዘ፣ እኔ የቀሩትን ሁለት ጥያቄዎች ልመልስ። ቤተሰቡ አሁን ሆስፒታል እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ሲረጋጉ ያነቡታል።

የአይጥ መርዝ የተባለው መሠረት የሌለው ወሬ አይደለም፤ ግን የታሪኩ ግማሽ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ ስዊት ክሎቨር የሚባል የመኖ ተክል የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ትንሽ ሲጫሩ ደማቸው አልቆም እያለ ያልቁ ነበር። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ከድርቆሹ ውስጥ ይህን ያደረገውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ ከእርሱ የተሠራው ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ ማጥፊያነት ለገበያ ቀረበ፤ በ1954 ደግሞ ለሰው ሕክምና ተፈቀደ። በዓመቱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሲይዛቸው ከታዘዘላቸው መድኃኒት አንዱ ይኸው ነበር። ለእናትዎ ሲያስረዱ፣ አይጥን የገደለው መጠኑና ተቆጣጣሪ ማጣቱ እንደሆነ፣ የልጃቸው ግን በየአራት ሳምንቱ እየተለካ እንደሚሰጥ ይንገሯቸው።

«ደም ማቅጠኛ» የሚለው ስያሜ ግን ከጎረቤቱ ወሬ የበለጠ ያሳስበኛል፤ እኛ ሐኪሞችም በየቀኑ ስለምንጠቀምበት ጥፋቱ የኛም ነው። መድኃኒቱ ደምን አያቀጥንም፤ የደም መጠንንም ሆነ ቀይ የደም ሕዋስን አይቀንስም። ጉበታችን ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖችን ሲሠራ ቫይታሚን ኬን ደጋግሞ ይጠቀማል፤ ዋርፋሪን ያን ድጋሚ አጠቃቀም ይገታል፤ በዚህም ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ ይረዝማል። አይ ኤን አር የሚለካውም ይህንኑ ነው። «ደም ማነስ» ሌላ ጉዳይ ነው፤ ምርመራውም፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው። እናትየው ሁለቱን አንድ አድርገው ማየታቸው ከስሙ የመጣ ነው፤ በስሙ ላይ ተመሥርተው ያደረጉትም በእናትነት ደንብ ትክክል ነበር። እርግጥ ሳያውቀው ውስጥ ለውስጥ የሚደማ ታካሚ ደም ማነስ ሊይዘው ይችላል፤ ስለዚህ እኅትዎ ከደከማት፣ ከገረጣች ወይም ሰገራዋ እንደ ቅጥራን ከጠቆረ ጎመን የሚያድሳት አይደለችም፤ መታየት አለባት።

ወደ አክስትዎ ሐሳብ ስንመጣ፣ ሪቫሮክሳባን፣ አፒክሳባንና ዳቢጋትራን የሚባሉት አዳዲስ መድኃኒቶች በእርግጥ የአይ ኤን አር ክትትል አይፈልጉም፤ ለብዙ ሕመምተኞችም ተመራጭ ሆነዋል። ለእኅትዎ ግን አይሆኑም። ዳቢጋትራን የብረት ቫልቭ ባላቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ ከዋርፋሪን ይልቅ የደም መርጋትም መድማትም ስለበዛበት ጥናቱ ከጊዜው በፊት ተቋርጧል፤ ውጤቱ በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታትሟል። አፒክሳባንም በሌላ የብረት ቫልቭ ጥናት ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል። እኛን በቅርብ የሚመለከተው ደግሞ በ2022 የወጣው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት ነው። በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ ባሉ 24 አገሮች፣ ሩማቲክ የልብ ሕመምና የልብ ምት መዛባት ያለባቸው ከ4,500 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበት፣ ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ይልቅ እንደ ዋርፋሪን ያለውን የወሰዱት ያነሰ ሞት ታየባቸው። ብዙዎቻችን ተቃራኒውን እንጠብቅ ነበርና ውጤቱ አስገርሞናል።

ነርስ ከሜሪላንድ፣ መጋቢት 10

አክስትየውን አትቆጧት፤ እኔም በእርሷ ቦታ ብሆን ከረጢቱን ልልክ እችል ነበር። እዚህ ዋርፋሪን ርካሽ መድኃኒት ነው፤ የተረፈ ጠርሙስ የሌለበት የአረጋውያን ቤት ማግኘት ያስቸግራል፤ አገር ቤት ጠፋ ሲባል ደግሞ ሰው አያስችለውም። ቢሆንም ሁለት ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። ለሌላ ሰው ታዝዞ የተረፈ መድኃኒት የጥንካሬው መጠን የዚያ ሰው እንጂ የእናንተ አይደለም፤ የብዙ አረጋውያን መጠን ዝቅተኛ ስለሆነ 1 እና 2 ሚሊ ግራም ክኒን በብዛት የሚገኘው በእነርሱ እጅ ነው። መላክ ግድ ከሆነም ጠርሙሱ ከነወረቀቱ ይሂድ፤ ተቀባዩም ከመዋጡ በፊት ለፋርማሲ ባለሙያ ያሳይ።

በሥራ ቦታዬ ከኢትዮጵያ የመጡ ታካሚዎች «ሮዟን ነው የምወስደው» ሲሉኝ በተቃራኒው አቅጣጫ ያው ስሕተት ሲፈጠር አይቻለሁ። አገር ቤት 5 ሚሊ ግራም ሲወስድ የኖረ ሰው እዚህ «ሮዝ» ብሎ ካስመዘገበ 1 ሚሊ ግራም ተብሎ ይጻፍለታል። ስለዚህ የክኒን ብዛትም ቀለምም ሳይሆን ሚሊ ግራሙን በቃል ማወቅ ያስፈልጋል፤ እናቶቻችንም ቢሆኑ የልጆቻቸውን ስልክ ቁጥር በቃላቸው የሚይዙትን ያህል ይህን አንዲት አኀዝ መያዝ አያቅታቸውም።

የታካሚ ልጅ ከሐዋሳ፣ መጋቢት 11

ሐኪሙ ስለ አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ስላነሡ፣ ከጉዳዩ ብዙ ሳልርቅ ልጠይቅ። አባቴ የቫልቭ ሕመም የለባቸውም፤ የልብ ምታቸው ስለሚዛባ ሪቫሮክሳባን 20 ሚሊ ግራም፣ ለኮሌስትሮል ደግሞ አቶርቫስታቲን 20 ሚሊ ግራም ይወስዳሉ። ከጾሙ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማይበሉ ሪቫሮክሳባኑን ጠዋት በውኃ ብቻ ይውጡታል፤ አቶርቫስታቲኑን ግን «ሥጋና ቅቤ ካልበላሁ ኮሌስትሮል ከየት ይመጣል» ብለው እስከ ፋሲካ ትተውታል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ መጋቢት 11

ሁለቱም መስተካከል አለባቸው። ሪቫሮክሳባን 15 እና 20 ሚሊ ግራሙ ከምግብ ጋር ካልተወሰደ ከተዋጠው ሲሶው ገደማ ወደ ደም ሳይገባ ይቀራል፤ ስለዚህ አባትዎ ሰዓቱን ወደ ዋናው ማዕዳቸው፣ ማለትም ወደ ማታ እራት ያዛውሩት፤ ሰዓቱን እንዴት እንደሚያሸጋግሩ ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ። ረመዳንን የሚጾሙም እንዲሁ ከኢፍጣር ጋር ይወስዱታል። ዋርፋሪን ይህ ችግር የለበትም፤ ምሽት እስከተወሰደ ድረስ ከጾም ጋር አይጋጭም።

ኮሌስትሮልን በተመለከተ፣ አብዛኛውን የሚሠራው ጉበትን ጨምሮ የራሳችን አካል ነው፤ ጾም ቁጥሩን በተወሰነ ደረጃ ሊያወርደው ይችላል፤ የመድኃኒቱን ሥራ ግን አይተካም። አቶርቫስታቲን በባዶ ሆድም ሆነ ከምግብ ጋር፣ በፈለጉት ሰዓት መውሰድ ስለሚቻል የሚተውበት ምክንያት የለም። ዋርፋሪን ለሚወስዱ አንባቢዎች ግን እግረ መንገዴን ልጨምር፦ ሮሱቫስታቲንና ሲምቫስታቲን አይ ኤን አርን ከፍ ሊያደርጉ ስለሚችሉ፣ ሲጀመሩም ሆነ መጠናቸው ሲለወጥ ቀረብ ያለ ምርመራ ያስፈልጋል። አቶርቫስታቲን በዚህ ረገድ ቀላል ነው።

ወንድም ከደሴ፣ መጋቢት 22

ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅርታ። በዚያው ዕለት ማታ ድንገተኛ ክፍል ገባን። በልብ አልትራሳውንድ ሲታይ ቫልቩ ላይ የረጋ ደም አልተገኘም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ኢኖክሳፓሪን የሚባለውን መርፌ በየዐሥራ ሁለት ሰዓቱ ከእምብርቷ ጎን ከቆዳ ሥር እየተወጋች፣ ዋርፋሪኑንም በ5 ሚሊ ግራም ጀመረች፤ መርፌው የቆመው በዘጠነኛው ቀን ቁጥሯ 2.6 ሲደርስ ነው። ትናንት 2.8 ሆኗል። ሐኪሟ ሁለቱን ሮዝ ክኒኖች ተራ በተራ እያገላበጡ ካዩ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ ካርዷ ላይ «አንድ ተኩል ክኒን» የሚለውን በሁለት መሥመር ሰርዘው «5 ሚ.ግ.» ብለው ጻፉበት። እናቴ ጎመኑን ወደ ሳምንት ሦስት ቀን ዝቅ አድርጋዋለች፤ ቀይ ሥሩን ግን አልተወችም፤ ቀይ ሥር ጉዳት እንደሌለው ስለተነገረኝ ዝም ብያታለሁ። ከዚህ በታች የምትጽፈው እኅቴ ራሷ ናት።

እኅት ከደሴ፣ መጋቢት 22

ስለ እኔ ይህን ያህል ተጽፎ ሳይ አፍሬም ተደስቼም ነበር። ፋርማሲስቱ ስለጠየቁት ድምፅ፣ ሌሊት ጋደም ስል ዛሬም በደንብ ይሰማኛል፤ ባለቤቴ እንዲያውም እርሱን እየቆጠረ ነው የሚተኛው።

ወንድሜ ያልነገራችሁን አንድ ነገር ልጨምር። የዛሬ ሁለት ዓመት አሜባ ብለውኝ ከአንድ ፋርማሲ ሜትሮኒዳዞል ገዝቼ በሳምንቱ ክንዴና ጭኔ በልዞ፣ ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ አልቆም ብሎ ነበር፤ ቁጥሬ ያን ጊዜ 6 አልፎ ነበር። ዋርፋሪን እንደምወስድ ሻጩ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ከዚያ ወዲህ ካርዴን ሳላሳይ ሻይ ቅጠል እንኳ ከፋርማሲ አልገዛም። በየወሩ የምወስደውን የፔኒሲሊን መርፌም ቢሆን ነርሷ ቁጥሬን አይታ ነው የምትወጋኝ፤ ከወጋችኝም በኋላ ቦታውን ቆየት አድርጋ ትጫንልኛለች።

አሁን ልጠይቅ የፈለግሁት ግን ወንድሜ ሊጠይቅልኝ የማይችለውን ነው። ልጅ መውለድ እንፈልጋለን። ቤተሰቤ ከነገርኳቸው ስለሚፈሩ እስከ አሁን ዝም ብያለሁ። ይቻላል ወይ? ለመፀነስ ብዬ ዋርፋሪኑን ከአሁኑ ማቆም አለብኝ?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ መጋቢት 23

እኅቴ፣ በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል፤ የመጨረሻውን ግን አስቀድሜ ልመልስ፦ በፍጹም በራስዎ አያቁሙ። የብረት ቫልቭ ያላት ሴት በእርግዝና ጊዜ የደም መርጋት አደጋዋ ከወትሮው ይጨምራልና፣ ያለ መድኃኒት አንድ ሳምንትም መቆየት ለሕይወትዎ ያሰጋል።

በሌላ በኩል ዋርፋሪን በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ በተለይ ከስድስተኛው እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የጽንሱን አጥንትና የአፍንጫ አሠራር ሊጎዳ፣ ውርጃም ሊያስከትል ይችላል። አሁን ሆስፒታል የተወጉት መርፌ ወደ ጽንሱ አያልፍም፤ ቫልቩን ለመጠበቅ ግን እንደ ዋርፋሪን አስተማማኝ አይደለም፤ መጠኑም በደም ምርመራ እየተለካ መስተካከል አለበት። ስለዚህ የትኛው በየትኛው ወር እንደሚወሰድ ቀድሞ የሚወሰነው የልብ ሐኪምዎና የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም አንድ ላይ ተቀምጠው፣ ቫልቩም በአልትራሳውንድ ታይቶ ነው። ሁሉም ከመፀነስ በፊት መሆን አለበት፤ እስከዚያው ድረስ የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ፤ የትኛው እንደሚስማማዎ ይጠይቁ፤ ኤስትሮጅን ያለበት ደም ስለሚያረጋ ለእርስዎ አይመከርም።

በዚያ ውይይት ላይ ከሚመዘኑት ነገሮች አንዱ የዕለት መጠንዎ ነው። ቁጥሯን በክልሉ ውስጥ ለመያዝ በቀን 5 ሚሊ ግራምና ከዚያ በታች የሚበቃት ሴት፣ በጽንሱ ላይ የሚደርሰው አደጋ ከፍ ያለ መጠን ከምትወስደው ያነሰ ሆኖ ስለሚታይ፣ የሚቀርብላት ምርጫ የተለየ ነው። የእርስዎ ደግሞ በትክክል 5 ነው። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ ለሚደረገው ምርመራ ሲሄዱ ባለቤትዎን ይዘው ይሂዱ፤ የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት ቁጥሮችና መጠኖች በሚሊ ግራም ጽፈው ይውሰዱ፤ የየካቲትና የመጋቢቱን ሦስት ሳምንት ደግሞ ለይተው ምክንያቱን አጠገቡ ይጻፉበት፤ አለዚያ ወረቀቱን የሚያየው አዲስ ሐኪም 5 ሚሊ ግራም የማይበቃዎ ሊመስለው ይችላል።